የአባቴ ሁለት ሃምሳ ብሮች

እኔ ጎሹ፣ አሶሳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ባለቤቴ ብሪቱ ሳትቀድመኝ ራሴው ልናገር። ዘንድሮ ክረምት መግቢያ ላይ የስፌት መኪናዬ ተሰበረ። ጠጋኙ ሦስቴ ፈታ፣ ሦስቴ ገጠመ፣ በመጨረሻ «ይቺ አርጅታለች፣ እረፍት ስጣት» ብሎኝ ሄደ። ለእሷ እረፍት፣ ለእኔ ጾም። የተማሪ ደንብ ልብስ የሚሰፋበት ወቅት ደርሷል፤ እስከ መስከረም ሌላ መኪና ካልገዛሁ ሱቁን መልቀቄ ነው።

ያለኝ ጥሪት ሁለት የጃንሆይ ዘመን ሃምሳ ብሮች ነበሩ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደርግ ብር ሲለውጥ ታሞ ተኝቶ ቀኑ አለፈበት። በሰባ ሰባት ከወሎ አምጥተው አምባ ዐሥራ አራት ሲያሰፍሩት አንዱን በዳዊቱ ቅጠሎች መሃል፣ ሌላውን ለሁለት አጥፎ በኪሱ ይዞ መጣ። «የማይሠራ ብር ምን ያደርግልሃል?» ሲሉት «አይበላ አይጠጣ፣ ምን ከበደኝ» ይል ነበር።

አሮጌ ብርና የሱዳን ሳንቲም የሚገዛ ዐወድ የሚባል የበርታ ሰው ገበያ ውስጥ አለ። ወሰድኩለት። ዳዊት ውስጥ የኖረው ዛሬ የታተመ ይመስላል፤ ቀለሙ ደማቅ፣ እጥፋት የለው። የዐወድ ፊት ግን አልፈካም።

«ይቺ ቆንጆ ናት» አለ። «ግን ሥዕሉ መሃል አልተቀመጠም። እይ፣ በቀኝ ነጩ ሰፊ፣ በግራ የለም ማለት ነው። የአሮጌ ብር ሰብሳቢ ዓይን መጀመሪያ እዚህ ይሄዳል።» የታጠፈውን አነሳ። «ይቺ ደግሞ እጥፋት አላት፣ ግን አራቱም ጠርዝ እኩል። አዲስ አበባ ያለውን ሰውዬ እጠይቃለሁ። ነገ ና።»

ደሜ ፈላ። ገዢ ዕቃ ሲያጣጥል አላውቅም እንዴ? ዳር ላይ ያለ ነጭ ወረቀት ከመቼ ወዲህ ነው ዋጋ የሚቀንስ? «ይሄ ሌባ» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ሰበብ ፈልጎ ከሆነ ሰበቡን አጠፋለታለሁ። ጠርዝ ማስተካከል እንደሁ የሠላሳ ዓመት ሙያዬ ነው። በማስመሪያ ለካሁና ሰፊውን ነጭ በመቀስ ሸለትኩት። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። እንዴት እንዳማረ ለብሪቱ አሳየኋት።

ቀጥዬ የታጠፈውን ውሃ ረጭቼ ልተኩሰው ካውያ አሙቄ ነበር። ብሪቱ እጄን ያዘችኝ። «አንዱን በራስህ ሠራኸው፤ ይሄን እንኳ ሰውየውን ጠይቀህ» አለች። ተነጫነጭኩ፤ ግን ካውያውን አስቀመጥኩ። እድሜ ይስጥልኝ፣ ለዚያች ቀን ብቻ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናት አይበዛባትም።

በማግስቱ ሁለቱንም ዐወድ ፊት ዘረጋሁና ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እሱ አንዱን በሌላው ላይ ደረበ። የቆረጥኩት በጥፍር ስፋት አጠረ።

«ቆረጥካት?»

«አስተካከልኩት።»

ቁጭ አለ። «ጎሹ፣ ጠማማ ሆና ከታተመች ዋጋዋ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ያም ሆኖ ከታጠፈችው ትበልጥ ነበር። መቀስ ከነካት ግን ሰብሳቢ አይፈልጋትም። ጥፋቱ የኔም ነው፣ አትንካት ማለት ነበረብኝ።»

አባቴ ከወሎ ድረስ ተሸክሞ ያመጣውን እኔ በእልክ ጨረስኩት። «በቃ፣ ሁለቱንም ውሰድና ያሻህን ስጠኝ» አልኩት። ከልቤ ነበር፤ የአንድ ሱሪ ስፌት ዋጋ ቢሰጠኝ ይዤ እሄድ ነበር።

ዐወድ ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ላለው ሰብሳቢ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው። የታጠፈውን ብር ፎቶ ላከለት። እጥፋቱን ራሱ ተናገረ። ጥግ ላይ ያለችውን፣ እኔ እንኳ ያላየኋትን ቢጫ ነጥብ ሳይቀር ተናገረ፤ አፉን ብይዘው ደስ ባለኝ። ከዚያ «ግን አራቱም ጠርዝ እኩል። አልታጠበች፣ አልተተኮሰች፣ ወላሂ ማንም አልነካካትም» አለ። ሰውየው ዋጋ ጠራ። ዐወድ «ጨምር እንጂ፣ እንዲህ መሃል የተቀመጠች ስንት አይተሃል?» አለው። ጨመረ። ያገለገለ ግን ጠንካራ የእግር ስፌት መኪና የሚገዛ ገንዘብ ሆነ።

«በነፃ በሚባል ዋጋ ልሰጥህ ነበር እኮ» አልኩት።

«ዋጋውን ከማያውቅ ሰው በርካሽ መግዛት ለኔ ሐራም ነው።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደበቅኩትም። «ዐወድ፣ ትናንት ሌባ ብዬህ ነበር። የቆረጥኩትም ባንተ እልክ ነው። ቤቴን አቆምክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ።»

እሱ ብሩን ላስቲክ ውስጥ እየከተተ ሳቀ። «ሌባ የሚለኝ ብዙ ነው፣ እሰማለሁ» አለ። «መጥቶ የነገረኝ ግን ካንተ በፊት የለም። ተቀመጥ፣ ሻይ እንጠጣ።»