ሽምግልና በዲልስዶርፍ ፈረስ ሜዳ

ዙሪክ ውስጥ ሽማግሌ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ሲፈልጉት አይገኝም፣ ሲገኝም ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞታል። ሱራፌል ውቢትን ሊያገባ ሲነሳ ቀለበት ከመግዛት ይልቅ ሦስት ሽማግሌ መሰብሰብ አደከመው። የመጀመሪያው ጋሽ ገረመው ሆነ፤ ዕድሜ ልኩን የከተማውን ትራም ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ግን ነገር አዋቂ ሰው። ሁለተኛው ከፈለ ነው፤ ቪንተርቱር ከተማ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ፀጉሩን የሚያጠቁር። ሽበቱ ወጥቶ እንዲታይ ቀለሙን ለጥቂት ሳምንት እንዲያቋርጥ ሱራፌል እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሽበት የለኝም፤ መነጽር አለኝ። «ኤልዳድ፣ መነጽርህን እንዳታወልቅ» አለኝ ሱራፌል።

የምንላከው ጄኔቭ ወደሚኖሩት ወደ አቶ ወልደሥላሴ ነበር። የውቢት ሟች አባት ጓደኛ ናቸው። አንድ ዲፕሎማት ቤት ልጅ ልትጠብቅ ጄኔቭ ስትመጣ የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ሲያስለቅሳት የተሻለ ቤት ያገኙላትም እሳቸው ናቸው። በአጭሩ አባቷ ናቸው። ውቢት አሁን ዙሪክ ሥራ አግኝታለች፣ ሱራፌል እዚያው አፎልተርን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቷል፤ የቀረው የአቶ ወልደሥላሴ እሺታ ብቻ ነው። ያለ እሳቸው ምርቃት ሻንጣዋን እንደማትዘጋ ነግራዋለች፤ ውቢት ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

ቀጠሮ ስንጠይቅ መልሳቸው በእሷ በኩል መጣ፦ «ጄኔቭ ድረስ አትድከሙ። ረቡዕ ማታ ለፈረስ ውድድር ወደ ዙሪክ እመጣለሁ። ዲልስዶርፍ ሜዳ አግኙኝ።»

ሽምግልና የሚያምረው ቅዳሜ ጠዋት፣ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ከፈለ «ንቀት ነው» አለ። ጋሽ ገረመው «ንቀት አይደለም፣ ሱስ ነው» አለ።

እሳቸው ግን ሱስ አይሉትም። እሁድ እሁድ ጄኔቭ ባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ካፌ ይቀመጣሉ፤ የፈረንሳይን የፈረስ ውድድር በስክሪን እየተከታተሉ፣ ከውቢት ጋር፣ የትኛው ፈረስ እንደሚያሸንፍ ያሰላሉ። የሚያስይዙት የአንድ ሻይ ዋጋ ነው። ደስታው ስሌቱ ላይ ነው።

ባቡር ውስጥ ሱራፌል ወደ ስልኬ የላከውን ትምህርት አነበብኩላቸው። «የዛሬዎቹ ውድድሮች ሃንዲካፕ ይባላሉ። ጎበዝ ፈረስ ክብደት ይጨመርበታል፣ ደካማው ይቀለልለታል። ሁሉም እኩል የማሸነፍ ዕድል እንዲኖራቸው ነው።»

«ይሄማ ግብር ነው» አለ ከፈለ።

«ክብደቱን የሚወስነው ማነው?» አለ ጋሽ ገረመው።

«ኮሚቴ።»

«እንግዲያው እኩል አይሆኑም።»

ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ከኮረብታው በላይ ነበረች። አቶ ወልደሥላሴ ጣሪያ ካለው የተመልካች መቀመጫ መሀል ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያ፣ ከረባት፣ አንገታቸው ላይ አቅርቦ ማሳያ መነጽር። ውቢት ከጎናቸው የፈረሶቹን ስምና ክብደት ታነብላቸዋለች። በእኛ አገር የድሮ ጌታ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ከምታነበው እንደሰማሁት እዚህ ፈረሱ በጌታው ሚስት ስም ይጠራል።

«ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ።»

ጋሽ ገረመው ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጣንበትን ጉዳይ ሰምተው እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ቁሙ» አሉና ወደ ውቢት ዞሩ። «ቀጥይ፣ አምስተኛው ስንት ኪሎ አለው?»

ቆምን። እንደ ወጉ ተሰልፈን፣ እጃችንን አጣምረን፣ ከኋላችን ላለው ሕዝብ ሜዳውን ጋርደን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ ጭናቸው ላይ የድንች ሰላጣ በሳህን ይዘዋል። ፈረሶቹን ለማየት እንድንቀመጥላቸው በጀርመንኛ ጠየቁኝ። አንችልም አልኳቸው።

«የጤና ነገር ነው?»

«አይደለም። ልጅቷን እስኪሰጡን ድረስ ነው።»

ውቢትን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ እኛን አዩ። «ብዙ ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ ሰውየው ነው።»

ሰላጣቸውን ይዘው ሁለት ረድፍ ከፍ ብለው ተቀመጡ። ባላቸው ከዚያ በኋላ በአቅርቦ ማሳያው ፈረሱን ትተው እኛን ማየት ጀመሩ።

ጋሽ ገረመው ትራም ሲነዳ የፌርማታ ስም በሚጠራበት ድምፅ ጀመረ። «ልጁ የጨዋ ልጅ ነው። ሁለት ዲግሪ አለው። ቋሚ ሥራ፣ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ። አይጠጣም፣ አያጨስም።»

«ከዚህ በፊት ሮጧል?»

«እንዴት?»

«ሌላ ሴት ነበረችው ወይ ማለቴ ነው።»

ጋሽ ገረመው ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ጊዜ» አልኩ።

«ስንተኛ ወጣ?»

«አልጨረሰም።»

አቶ ወልደሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስካሁን የነገራችሁኝ ሁሉ ድል ነው። ድሉን ማንም ያነበዋል። ፈረስ የሚያሰላ ሰው የሚጠይቀው ሸክሙን ነው። ልጁ ምን ተሸክሟል?»

ሽማግሌ ለዚህ አልተሠራም። ሽማግሌ ሙሽራ ያሞግሳል፤ ሙሽራውም እስከ ሠርጉ ማግስት ድረስ የተባለውን ሆኖ ይቆያል። ከፈለ «ሸክም የለበትም» አለ።

«ሸክም የማይጫንበት ያላሸነፈ ፈረስ ነው።»

እኔ ከሱራፌል ጋር ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖሬያለሁ። «ያንኮራፋል» አልኩ። ጋሽ ገረመው በክርኑ ጎሰመኝ።

«ቀጥል» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«ጠዋት ጠዋት አይናገርም። እናቱ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ካላነሳ ለእኔ ይደውላሉ። እርጎ ሊገዛ ሱቅ ከገባ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቦ ሳይጨርስ አይወጣም። ክርክር ላይ ትክክል ሲሆን ያስጠላል። ሲሳሳት ደግሞ ዝም ይላል፤ እሱ ይብሳል።»

ውቢት ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ ትስቃለች። «ማንኮራፋቱን አልነገረኝም» አለች።

«ስልሳ ኪሎ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«ምኑ?» አለ ከፈለ።

«ልጁ ነዋ። ገና ዙሪክ መኖሩን አልጨመርኩም።»

ዙሪክ መኖሩ አራት ኪሎ ሆነ። ከፈለ እንደ ሂሳብ ሠራተኛነቱ ሊከራከር ሞከረ፤ ጄኔቭ መኖር ቢሆን ኖሮ ስንት ይቀነስ እንደነበር ጠየቀ። «አይጫንም ነበር» አሉት፣ ምንም ሳይደብቁ። ከዚያ «ውቢት፣ ውረጂና እያቸው» አሉ።

ለጋሽ ገረመው ውሃ ላመጣ አብሬያት ወረድኩ። ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት ሰው እንዲያያቸው የሚዞሩበት ክብ ቦታ አለ። ውቢት አጥሩን ተደግፋ ጆሯቸውን፣ አንገታቸውን፣ የኋላ እግራቸውን አንድ በአንድ ትመለከታለች።

«ለምን እሳቸው አይወርዱም?» አልኳት።

«ዓይናቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም አይመለስም ብሏል። እኔ አያለሁ፣ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያሰላሉ። ያ አንገታቸው ላይ ያለው ለሰው ዓይን ነው።»

«ሱራፌልን ጠልተውት ነው እንዴ?»

«ሱራፌልንማ ይወዱታል። ፋሲካን እኛ ጋ ነው የዋለው፤ ሲሄድ ኮቱን እሳቸው ናቸው ያቀበሉት። እኔ ስሄድ እሁድ ከማን ጋር ይቀመጣሉ? ነገሩ ይሄ ነው። ግን አይናገሩትም። እምቢም አይሏችሁም፤ ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው። ኪሎ እየጨመሩ ለሚቀጥለው ውድድር ይቀጥሯችኋል፣ ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው።»

«አዲሱ ሥራሽስ?»

«ከወሩ መጀመሪያ ነው። ካልጀመርኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር «ዘጠነኛዋ ላብ በላብ ሆናለች፤ ገና ሳትሮጥ አልቆላታል» አለች።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ጋሽ ገረመው ተቀምጧል።

ከፈለ ከጎኑ እንደ ሐውልት ቆሟል። «ሳይፈቀድልን ተቀመጥክ» ይለዋል፤ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፣ አሮጊቷ ድረስ ይሰማል። «በገዛ እጅህ ነገሩን አፈረስከው።»

አቶ ወልደሥላሴ ቀለል ያላቸው መሰሉ። «እኔ ምንም አላልኩም። ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ ከተቀመጠ ነገሩን ትቶታል፤ ወጉ ነው። እንግዲህ ሌላ ቀን እንገናኛለን። በጥቅምት አንድ ውድድር አለ።»

ውቢት ከኋላዬ ደርሳ ቆማለች። ጥቅምት ሲባል ፊቷ አልተለወጠም፤ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አጣጥፋ አጣጥፋ ቲኬት አሳከለችው።

«ጋሽ ገረመው፣ ተነሳ» አልኩ። አልተነሳም። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ያሻል።

«ጉልበቴ ነው፣ ወልደሥላሴ» አለ። «አቶ» የለ፣ «እርስዎ» የለ። «ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መቆም አልለመድኩም። የራሴን ሸክም ልንገርህ? አንድ ልጄን ለንደን ዳርኳት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አንድ ኪሎ አልጫንኩባቸውም፤ ገና በር ላይ እያሉ እሺ ብዬ ሸኘኋቸው። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ደግ አባት ነው አለኝ። አሁን እሁድ እሁድ ምን እንደምሠራ ታውቃለህ? የራሴን መስመር ትራም እሳፈራለሁ። ከጫፍ ጫፍ ሄጄ እመለሳለሁ። ወጣቶቹን ፍሬን አያያዛቸውን እተቻለሁ። ሲያዩኝ ሰላም ማለት ትተዋል።»

ከፈለ ሳቀ፤ ብቻውን እንደሳቀ ሲያይ ተወው።

ሜዳው ላይ ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ብድግ አለ። ውቢት «ዘጠነኛዋ ላብ...» ብላ ስትጀምር አቶ ወልደሥላሴ ክንዷን ያዝ አደረጓት። ፈረሶቹ መሬቱን እያንቀጠቀጡ በፊታችን አለፉ። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁም።

«ልጅህ ትደውላለች?»

«ትደውላለች። ደህና ናት። ችግሩ እሷ አይደለችም።»

«አይደለችም» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን ዳበሱት። «ዓይንህ እንዴት ነው?»

«ለንባብ መነጽር አለኝ። የሩቁን ደህና አያለሁ።»

«ፈረስ ሩቅ ነው።»

«ስለ ፈረስ የማውቀው ነገር የለም።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ። የባቡር ቅናሽ አለህ?»

«አለኝ።»

«እሁድ ሰባት ሰዓት ነው የሚጀምረው።»

ጋሽ ገረመው አሰበበት። «ምሳ አለበት?»

«ካፌው ሳንድዊች አለው። መጥፎ ነው።»

«እንግዲያው ይዤ እመጣለሁ።»

አቶ ወልደሥላሴ ኮፍያቸውን አድርገው ቀና አሉ። ድምፃቸው የሳሎን ሆነ። «የመጣችሁበትን ጉዳይ ሰምቻለሁ። ልጁ ያንኮራፋል፤ ያንኮራፋ። እሺ ብያለሁ። ውለዱ፣ ክበዱ ብለዋል በሉት።» ውቢት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አድርገው፣ ብዙ ሳይቆዩ፣ በቃ በቃ አሉ። ከፈለ አሁን መቀመጥ እንደተፈቀደለት ለማረጋገጥ ግራና ቀኝ አይቶ ተቀመጠ።

ለሱራፌል «እሺ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ፦ «እርግጠኛ ነህ? ቃል በቃል ምን አሉ?» ለውቢት አሳየኋት።

«ስጠኝ፣ እኔ ልንገረው» አለችና ስልኬን ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች።

አንድ ውድድር ቀርቶ ነበር። አቶ ወልደሥላሴ ጋሽ ገረመውን ወደ ታች ላኩት። ጉልበቱ ቢያመውም ለመውረድ አልተለመነም፤ ለመመለስ ግን ቆየ። መጥቶ እያለከለከ ተቀመጠ።

«አራተኛው ፍሬኑ አይይዝም» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«የምትስበው ልጅ ስታቆመው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ደጋግሜ አየሁት። ሌሎቹ ቁሙ ሲባሉ ይቆማሉ፤ እሱ መቆም አይወድም።»

አቶ ወልደሥላሴ አገጫቸውን አሹ። «ስንት ኪሎ ነው የጫኑበት?»

ውቢት ከደረጃው እየተመለሰች ነበር፤ ጥያቄውን ሰምታ እጇን ወደ ወረቀቱ ዘረጋች። ጋሽ ገረመው ግን የንባብ መነጽሩን አድርጎ ትታው የሄደችውን ወረቀት ፈትቶ አፍንጫው ሥር አስጠግቶታል። ውቢት እጇን መለሰች።

«ሃምሳ አራት» አለ።

«የማንን ነው የምታነበው? እሱ የሴቷ ፈረስ ነው፤ ውቢት ስታነብልኝ ሰምቻለሁ፤ አንድ መስመር ውረድ።»

«ሃምሳ ሰባት ተኩል።»

«ይሄኛው ልክ ነው።»

«ይበዛበታል?»

«ቀስ በል እንጂ» አሉት አቶ ወልደሥላሴ። «መጀመሪያ ባለፈው ጊዜ ስንተኛ እንደወጣ አንብብልኝ።»