ከቶርኖው እግር ሥር

ክሊፍ ሆልሮይድ የቶርኖውን፣ የብረት መላጫ ማሽኑን፣ ሞተር አጠፋና ዘንጉን የያዘው መንጋጋ መዞሩን እስኪያቆም ጠበቀ። ከዚያ በዘንጉ ላይ የላጣቸውን ሁለት ቀለበቶች በማይክሮሜትር ለካ። ወደ ሞተሩ በኩል ያለው ልክ ነው። የወዲያኛው ጫፍ ግን ዛሬም ወፍሯል፤ ከአንድ ፀጉር አይበልጥም፣ ግን ወፍሯል። በአንድ መቁረጫ በአንድ ጉዞ የተላጡ ቀለበቶች እኩል መሆን ነበረባቸው።

"ዛሬስ?" አለ ትሬቨር ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ በሩን በክርኑ እየገፋ።

"ዛሬም።"

"እኔ እኮ ነግሬሃለሁ። የሸጠልህ ሰውዬ ቶርኖውን ሲያወርድልህ እየሳቀ ነበር፤ በመስኮት አይቼዋለሁ።"

"አንተ በመስኮት የማታየው ምን አለ?"

ትሬቨር ሳቀና አንዱን ኩባያ ሰጠው። እሱ ከሚስቱ ከሞሪን ጋር የሚኖርበት ቤትና የክሊፍ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ክሊፍ የሚሠራባት ጠባብ ክፍልም ከቤቱ ጀርባ፣ በዚያው በጋራ ግድግዳ ላይ ተደግፋ የተሠራች ናት። በወጣትነታቸው ሁለቱም ከመንደሩ ሥር ባለው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ይሠሩ ነበር፤ ትሬቨር ከሰል ቆፋሪ፣ ክሊፍ መካኒክ። ጉድጓዱ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ክሊፍ ሚስቱ ጆአን ባለፈው ክረምት ስትሞትበት የቤቱ ጸጥታ ከበደውና ይህን ያገለገለ ትንሽ ቶርኖ ገዛ። በእንፋሎት የሚሄድ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ባቡር ሊሠራ አስቦ ነበር። እስካሁን አንድ ጎማ እንኳ አልወጣለትም።

"ኩሽኔታውን አይተሃል?"

"ቀይሬዋለሁ።"

"ቺንጋውስ?"

"አዲስ ነው። ትሬቭ፣ ችግሩ ማሽኑ ላይ አይደለም። በውሃ ልክ እየለካሁ በቀኝ እግሩ ሥር ስስ ናስ ስከትበት ይስተካከልና ልክ ይላጣል። ሰንበትበት ብሎ ደግሞ ይጣመማል። ያረጀ ማሽን ወደፈለገው ነው የሚስተው። ይሄ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ነው፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ አንተ ግድግዳ።"

ትሬቨር ሻዩን ፉት አለ። "እንግዲህ አንተም እንደ ማሽኑ አርጅተሃል።"

ክሊፍ አልሳቀም። በርከክ ብሎ በቶርኖው እግሮች መካከል የተነጠፈውን የጎማ ምንጣፍ ገለጠ። በሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ ስንጥቅ ከግራና ከቀኝ እግሮቹ መካከል ተነስቶ ወደ ጋራው ግድግዳ ይሄዳል። በስንጥቁ ላይ ክሊፍ በኖራ የለጠፈው የመስኮት መስታወት ቁራጭ አለ። መስታወቱ ለሁለት ተሰብሯል።

ትሬቨር ኩባያውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ጉድጓዱ ይሠራ በነበረበት ዘመን አባቶቻቸው በየቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ መስታወት ይለጥፉ ነበር። ጠዋት ከቁርስ በፊት ያዩታል። ደህና ካደረ መሬቱ ተኝቷል፤ ከተሰበረ ግን ከሥር እየተንቀሳቀሰ ነው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን መስታወት የለጠፈ አልነበረም። የሞተ ጉድጓድ ይንቀሳቀሳል ብሎ ማን ያስባል?

"ለማን ነገርክ?" አለ ትሬቨር።

ክሊፍ ቀና ብሎ አየው። ሌላ ጥያቄ ነበር የጠበቀው።

"ሚያዝያ ላይ የወጥ ቤትህን ግድግዳ አዲስ ወረቀት ስታለብስ መሰላሉን ያበደርኩህ እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ሞሪን አበባ ያለበት ወረቀት ወደደች።"

"ትሬቭ።"

"አበባ ወደደች አልኩህ እኮ!" ትሬቨር ፊቱን በእጁ አሸ። "እሺ፣ ተሰንጥቆ ነበር። ጣት የማያስገባ ስንጥቅ። በዚህ መንደር ያልተሰነጠቀ ግድግዳ አሳየኝ እስቲ። ከጉድጓዱ ውሃ የሚስቡትን ፓምፖች ያቆምኩት እኔ ነኝ? ከሥር መሬቱን ደግፎ የያዘውን የከሰል አምድ ውሃ ቢበላው የኔ ጥፋት ነው?"

"ቤትህን የምትሸጥላቸው ወጣት ባልና ሚስት ያውቃሉ?"

"ባለሙያ አምጥተው አስመርምረዋል። ሰውዬው ምንም አላገኘም።"

"የለጠፍከውን ወረቀት ነዋ ያየው።"

ከግድግዳው ማዶ የሞሪን ሳል ተሰማ። ረጅም ሳል ነው፤ ሲያበቃ አንድ ነገር እንደሚጎተት ያለ ድምፅ ይከተለዋል።

"ደረጃ መውጣት አቅቷታል" አለ ትሬቨር። "ሶፋው ላይ ነው የምታድረው። ባሕሩ አጠገብ፣ ከልጃችን ቤት ጎን፣ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝተናል። ይሄ ካልተሸጠ ያኛው የለም። ፊርማው ዓርብ ነው። እስከ ዓርብ ብቻ ዝም በልልኝ፣ ክሊፍ። ይሄን ማሽን ከወለሉ ፍታውና የጎማ ንጣፍ ላይ አስቀምጠው። ካልታሰረ አይጣመምም። አንተም ስንጥቁን ደግመህ አታየውም።"

ትሬቨር ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ብቻውን ሲቀር ክሊፍ ምንጣፉን መለሰ። መፍቻውን አነሳና ማሽኑን ከወለሉ ጋር ያሰረውን የቀኝ በኩል ብሎን ያዘ። ጆአን ልትሞት ስትል ሞሪን ያንን ሁሉ ሳል ይዛ በየማለዳው እየመጣች ታጥባት ነበር። ክሊፍ ይህን እያሰበ ብሎኑን ግማሽ ዙር ፈታው። ከዚያም ሌላ ግማሽ።

በሩ ተንኳኳ።

"ሚስተር ሆልሮይድ? ቤታኒ ነኝ፣ ጎረቤት የምንሆነው።" ልጅቷ ሜትር በእጇ ይዛለች፤ ካፖርቷ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሏታል። "ወጥ ቤቱን ልለካ መጥቼ ነው። ሞሪን ባቡር እየሠሩ ነው አለችኝ።"

"እሞክራለሁ፣ የኔ ልጅ። እስካሁን የሠራሁት ቆሻሻ ብቻ ነው።"

ቤታኒ ሳቀች። "ባለቤቴ ካየዎት ከዚህ አይወጣም፤ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ። ለሕፃኑ የመረጥነው ከዚህ ግድግዳ ጋር የተያያዘውን ክፍል ነው። ማሽኑ ድምፁ አይበረታም?"

"ድምፅ የለውም" አለ ክሊፍ።

"ተመስገን። ሌላ የሚያሳስብ ነገር ከሌለ..."

ሞሪን እንደገና ሳለች። ቀጥሎ ትሬቨር "ውሃውን ቀስ ብለሽ ጠጪው፣ ሞ" ሲል በጋራው ግድግዳ በኩል ቃል በቃል ተሰማ። ክሊፍ በእጁ የያዘውን መፍቻ አየ። ከዚህ የሚነገር ነገር ሁሉ እዚያም እንዲሁ እንደሚሰማ ያውቃል።

"ነይ ግቢ" አለ።

ቤታኒ ገባች። "በሩን ልዝጋው? ብርድ አስገባሁብዎት።"

"ተይው፣ ክፍት ይሁን።"

የፈታውን ብሎን እስኪጠብቅ መልሶ አሰረው። ከዚያም በርከክ ብሎ፣ ከግድግዳው ማዶ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እዚህ የማሳይሽ ነገር አለ" አለና የምንጣፉን ጫፍ ያዘ።