የሮይስተን አንደኛ ሕግ

"ሩጪ! ሩጪ እንጂ! ጫማሽን አውልቀሽ ሩጪ!"

ዶሪን መጠጧን ከፍ አድርጋ ከመርከቡ አስረኛ ፎቅ ቁልቁል ትጮኻለች። በግራና በቀኟ የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዘው የተሰለፉት ሽበታሞችም ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ። ከታች ባልና ሚስት ከረጢታቸውን እያንጠለጠሉ በወደቡ ረጅም ግንብ ላይ ይሮጣሉ። የሰውዬውን ኮፍያ ነፋስ ወሰደው። ሊመለስ ሲል ሚስቱ ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ ይሄኔ ላይ ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ።

የነባር ተሳፋሪዎች ወግ ነው። ወደብ ላይ በቆሙ ቁጥር የመግቢያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቦታ እየያዙ ዘግይቶ የሚሮጠውን ይጠብቃሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሠላሳ ጊዜ በመርከብ የሄደ ሰው ሌላውን ትርዒት ሁሉ ጠግቦታል፤ ይሄኛው ግን ሁሌም አዲስ ነው፣ በዚያ ላይ በነጻ።

ግሌኒስ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከሯጮቹ አልፎ ከፉንሻል ከተማ ወደ ወደቡ የሚያስገባው መንገድ ላይ ተተክሏል። ቢጫ ኮፍያ ነው የምትፈልገው። ባሏ ሮይስተን ጠዋት በአራት ሰዓት "የማር ኬክ ገዝቼ መጣሁ" ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። አሁን ለአስር ተኩል አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። አስር ተኩል ላይ ሁሉም መግባት አለበት፤ አስራ አንድ ላይ መርከቡ ይሄዳል።

"ሮይ የት ሄዶ ነው? ይሄን ሳያይ ቀረ እኮ!" አለች ዶሪን።

"ክፍል ነው። ጋደም ብሏል።"

"በጠራራ ፀሐይ? አረጀ በይኛ!" ዶሪን በሳቅ ባሏን ኪትን በክርኗ ጎሰመችው። "ትናንት ያቺን አዲሷን ልጅ ሲመክራት አልሰማሽም? ዝንጅብል ለባሕር ሕመም ፍቱን ነው እያለ ሦስት ጊዜ ነገራት። ሦስት ጊዜ! ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሦስቴም አመሰገነችው።"

"ላንቺም ቢሆን ይጠቅምሽ ነበር። ሦስቴ ካልተነገረሽ መች ይገባሻል" አለ ኪት።

ግሌኒስ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ሮይስተን በዚህ መርከብ ላይ ስም ያለው ሰው ነው። ስዋንዚ ከተማ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ሲጠብቅ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ሁለት ጊዜ በመርከብ የተጓዘ። መርከቡ ባሕር ላይ በሚውልባቸው ቀናት ካፌው ጥግ ላይ ይቀመጥና አዲስ ተሳፋሪዎች ወንበር እየሳቡ ይከቡታል። ማዕበል የሚፈራ ከታች መሃል ያለውን ክፍል ይያዝ ይላቸዋል። የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ ይዛችሁ ኑ፣ መድኃኒታችሁን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ ሻንጣው እስከ ማታ ላይደርስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን አንደኛው ሕግ አለ። እሱን ሲናገር ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ መታ መታ ያደርጋል፦ "ይሄ ከአንገት አይወርድም። በዚህ ትወጣላችሁ፣ በዚህ ትገባላችሁ። ለማንም አይሰጥም፣ ለሚስትም ቢሆን!" ሰዉ ይስቃል፤ ግሌኒስም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቅለታለች።

በየክፍላቸው በር ላይ ምልክት የሚለጥፉ ተሳፋሪዎችን ግን ይቀልድባቸው ነበር። "የገዛ ቤቱ የሚጠፋው ሰው ምን ሊሠራ ባሕር ይወጣል?" ይል ነበር። በዚህ ጉዞ ግሌኒስ ቀይ የዘንዶ ማግኔት ገዝታ በራቸው ላይ ለጠፈች። "የባንዲራችን ዘንዶ ነው፤ ዌልሳዊ መሆናችንን ይወቁልን" አለችው። አልቀለደባትም። አለመቀለዱ ነው ያስፈራት።

ሚያዝያ ላይ ሁለት ጊዜ ከሱቅ መልስ መንገድ ጠፍቶት ዘግይቷል። ግንቦት ላይ የእህቷን ስም ረሳ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላው አታውቅም፣ እሱም ምን ሆንኩ ብሏት አያውቅም። የጉዞው የጤና ቅጽ ላይ "የመርሳት ችግር አለ?" ከሚለው አጠገብ "የለም" ብላ የሞላችው እሷ ናት።

ታዲያ ዛሬ ለምን ብቻውን ለቀቀችው? እውነቱን ለመናገር ስለደከማት ነው። አንድ ሰዓት፣ አንዲት ሰዓት ብቻ፣ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" የሚላት ሰው ሳይኖር መቀመጥ አምሯት ነበር። ፉንሻል አስራ አንድ ጊዜ መጥቷል፣ ሱቁም ቅርብ ነው ብላ ራሷን አታለለች። ከሄደ በኋላ ስልኩን አልጋው ላይ አገኘችው።

የድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

"የክፍል 8214 ተሳፋሪ አቶ ሮይስተን ፕሮሰር፣ እባክዎ እንግዳ መቀበያውን ያነጋግሩ። አቶ ሮይስተን ፕሮሰር።"

ከዚያ የመደገፊያው ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አውካካ።

"ሮይስተን! የሰዓቱ ንጉሥ!" ኪት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ወንበር አምጡልኝ፣ ይሄንንማ ተቀምጬ ነው የማየው!"

"ጋደም ብሏል አላልሽም?" አለች ዶሪን ዘወር ብላ።

ግሌኒስ ወደ ደረጃው ሄደች።

ከታች መውጫው በር ላይ ጉሩንግ የሚባለው ኔፓላዊ ጠባቂና ኢሶቤል የምትባል ወጣት መኮንን ቆመዋል። ኢሶቤል ወረቀት ይዛለች፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ስም ብቻ ነው።

"ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ባለቤትዎ የት እንደሄዱ ያውቃሉ?"

"ኬክ ሊገዛ ነው የወጣው። ይመጣል። ዘግይቶ አያውቅም።"

"የጤና ችግር አለባቸው? ልናውቀው የሚገባ ነገር ካለ…"

እውነቱን ልትናገር ነበር። ከተናገረች ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። ሐኪም ይጠራል፣ የዋሸችበት ቅጽ ይወጣል፣ ከእንግዲህ ማንም መርከብ አያሳፍረውም። በዚያ ጥግ ወንበር ሳይቀመጥና ምክር ሳይሰጥ ሮይስተን ምን ይሆናል? ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ እያየ ሊያልቅ ነው።

"የለበትም" አለች።

"እንግዲያው ፓስፖርታቸውን ከክፍላችሁ ካዝና አውጥተው ያምጡልኝ። ካልደረሱ ወደብ ላይ ላለው ወኪላችን እንሰጥላቸዋለን። እርስዎም አብረዋቸው መቅረት ከፈለጉ የራስዎን ይያዙ። መርከቡ አይጠብቅም፣ አዝናለሁ።"

ግሌኒስ ወደ ስምንተኛ ፎቅ ወጣች። ቀይ ዘንዶ ያለበትን በር ከፍታ ካዝናው ፊት ተንበረከከች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ሲከፈት ሁለቱ ፓስፖርቶች ነበሩ፤ ከሥራቸው ደግሞ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር። ሮይስተን ምክሮቹን የሚጽፍበት ደብተር ነው። ከተሳፈሩበት ወደብ፣ ሳውዝሃምፕተን ላይ፣ ጠፋብኝ ያላት።

ገለጠችው። የፊተኞቹ ገጾች ስለ ወደቦችና ስለ ሻንጣዎች ነበሩ። የኋለኞቹ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተጽፈዋል።

"ክፍላችን ስምንተኛ ፎቅ። ከአሳንሰሩ ወጥተህ ወደ ግራ። ቀይ ዘንዶ።"

"የዶሪን ባል ኪት ነው። ኪት።"

"ካዲዝ ወደብ ወርጄ መንገዱ ጠፋኝ። አውቶቡስ ማቆሚያ ፈልጌ ቆምኩ። የሚመጣውን አውቶቡስ ሰዓት ስይዝ መንገዱ ቀስ እያለ ትዝ ይለኛል። ሌላ ጊዜም እንደዚያው አድርግ።"

ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበት፦ "ለግሌኒስ አትንገራት። ትፈራለች።"

መሬት ላይ እንደተቀመጠች እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሷ ከእሱ ስትደብቅ እሱ ከእሷ ይደብቅ ነበር። አንድ አልጋ ላይ፣ ጀርባና ጀርባ፣ ሁለቱም አንዱን ነገር እየፈሩ። ማልቀስ አማራት፤ ሰዓቱን አየች። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ደብተሩን ካፖርቷ ኪስ ከተተች፤ ፓስፖርቶቹንና የመድኃኒት ቦርሳውን ይዛ ወረደች።

መውጫው ላይ ስትደርስ ዶሪን መጠጧን እንደያዘች መጥታ ቆማለች።

"ግሌኒስ፣ ምንድን ነው ጉዱ? ላይ እኮ ሰው ውርርድ ይዟል፣ እኔ ደግሞ በታክሲ ነው የሚመጣው ብዬ…"

"ዋሽቼአችኋለሁ" አለች ግሌኒስ፣ ወደ መኮንኗ ዞራ። ድምፅዋ ከገመተችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። "ባሌ ይረሳል። ወራት ሆኖታል። ቅጹ ላይ የለም ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም። አሁን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሞ ነው የሚሆነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ቢጫ ኮፍያ አድርጓል። እባክሽን፣ ልጄ፣ ሰው ላኪልኝ!"

ኢሶቤል አልተቆጣችም። ሬዲዮዋን አፏ ላይ አድርጋ ለወኪሉ ነገረችው፤ ወኪሉ ለታክሲዎቹ እንዲያስተላልፍ፣ ባሕሩን ተከትለው ያሉትን ማቆሚያዎች ሁሉ እንዲያዩ። ዶሪን ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"አንቺ… ይሄን ሁሉ ብቻሽን?" አለች። "እኔ ደግሞ በዝንጅብሉ ስቀልድ! አፌን በቆረጠው!"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ።"

"ላይ ወጥቼ ዝም አሰኛቸዋለሁ" አለችና ደረጃውን ተያያዘችው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት አትመስልም ነበር።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አስር ሆነ። ሬዲዮው በማይገባት ቋንቋ ይንጫጫል። ሮይስተን መንገድ ሲሻገር፣ ሮይስተን ግንቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ውኃውን ሲያይ፣ በጨለማ ሰውን ሁሉ "ይቅርታ፣ መርከቡ የት ነው?" እያለ ሲለምን ታያት። የመርከቡ ጡሩንባ ጮኸ፤ የእግሯ ሥር ወለል ተንቀጠቀጠ።

"ካፒቴኑ አስር ደቂቃ ጨምረውልናል" አለች ኢሶቤል። "ከዚያ በላይ አይቻልም። ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ይወስኑልኝ።"

ምን የሚወሰን አለ? ግሌኒስ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጡቷ ሥር ወሽቃ፣ የመድኃኒት ቦርሳውን አንጠልጥላ ከመርከቡ ወረደች። ጉሩንግ ክንዷን ደግፎ ግንቡ ላይ አቆማት። ከላይ ያዩዋት ሰዎች ጨዋታው የተጀመረ መሰላቸው።

"ወዴት ነው ማዘር? መርከቡ ወዲህ ነው!"

ሳቃቸው እላይዋ ላይ ወረደ። ቀና ብላ አላየችም። መርከቡ ከኋላዋ ቢሄድ፣ ባሏም ባይመጣ፣ በማታውቀው ቋንቋ በማን ደጅ ሄዳ እንደምትጮኽ አታውቅም።

ከዚያ ቢጫ ታክሲ መንገዱን ዞሮ ሲከንፍ መጣ። በሩ ሳይከፈት ኮፍያውን አየችው።

መደገፊያው በጩኸት ተናጋ። "ሮይስተን! ሩጥ ሮይስተን! ሰዓት ግዛ!" ከሁሉም መሃል የዶሪን ድምፅ "ዝም በሉ! አፋችሁን ዝጉ እናንተ!" እያለ ይሰማል፤ ማን ይስማት። ሮይስተን ከታክሲው ወርዶ ቀና አለ። ሕዝቡን አየ። ኮፍያውን አውልቆ እንደ መድረክ ሰው እጅ ነሳቸው፤ እነሱም የባሰ ጮኹ።

"አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው ያገኘሁት" አላት ባለታክሲው በእንግሊዝኛ፣ በሳቅና በሐዘን መሃል ሆኖ። "ሾፌሮቹን ለምን ዘገያችሁ እያለ ይቆጣቸው ነበር። ሁሉም ይቅርታ ይጠይቁታል።"

"አራት ደቂቃ!" አለ ሮይስተን። "ሃያ አንድ ቁጥር አራት ደቂቃ ዘገየ። ስዋንዚ ቢሆን ከደመወዙ እቆርጥበት ነበር።" ከዚያ ፊቷን አየ፤ የራሱም ፊት ተለወጠ። "ግሌን… ኬኩን ረሳሁት።"

"ተወው ኬኩን" አለች። አቅፋው ቆመች። ልቡ ከልቧ በላይ ይደልቅ ነበር፤ እሱም ሲፈራ እንደዋለ ያን ጊዜ አወቀች።

ከመውጫው በር ውስጥ ገቡ። ጉሩንግ የሮይስተንን ካርድ በማሽኑ አሳለፈው፤ ማሽኑ ጮኸ። ከኋላቸው መሰላሉ ተነሣ። ዶሪን ከላይ ተመልሳ መጥታ ግድግዳው ጋ ቆማለች።

"እንግዲህ ነገ ባሕር ላይ ነን፣ ከነገ ወዲያ ሊዝበን" አለ ሮይስተን ኮፍያውን እያስተካከለ። "ከሊዝበን ብቅ ብዬ የተሻለ ኬክ አመጣልሻለሁ።"

ግሌኒስ እጇን ዘረጋች። "ካርድህን ስጠኝ፣ ሮይ።"

ሳቀ። "አንደኛው ሕግ ምንድን ነው?"

"ከአንገት አይወርድም። ለሚስትም ቢሆን።"

"ታዲያስ?"

"አውቀዋለሁ። ስጠኝ።"

እጇን አላጠፈችም። ከካፖርቷ ኪስ የጥቁሩ ደብተር ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ሮይስተን ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። ፊቱ ቀላ። መጀመሪያ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀጥሎ የካርዱን ማንጠልጠያ በአናቱ በኩል አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ዶሪን እንዳታይ" አለ ቀስ ብሎ።

ዶሪን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግሌኒስ የእሱን ካርድ ከራሷ ካርድ ጋር አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ወደ አሳንሰሩ ሲሄዱ ክንዷን ያዘ። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ፤ ሮይስተን ከቁጥሮቹ ፊት ጣቱን አንሥቶ ቆመ።

"ግሌን፣ ክፍላችን ስንተኛ ፎቅ ነው?"

ይሄን ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"ስምንተኛ" አለችው። "ከዚያ ወደ ግራ።"