ዘጠኝ ባቄላ

ንግሥቴ አንዲት ጊደሯን ሸጣ የወፍጮ ማኅበሩን አንድ ድርሻ ስትገዛ፣ ሰው ሁሉ «አበደች» ብሏት ነበር። ይበል! ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ወፍጮ ላይ ስታጎነብስ የከረመችው እሷ እንጂ ሰው ሁሉ አይደለም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አዋጥተው የሞተር ወፍጮ ገዙ።

የቀረው ቦታው ነበር። ባላምባራስ ዘሩ «ከወንዙ ማዶ፣ ከግቢዬ ይተከል» አሉ። ሌሎች «መንገድ ዳር» አሉ። ወንዙ ክረምቱን አያሻግርም፤ ማዶ ከተተከለ ንግሥቴ ወደ ድንጋይዋ መመለሷ ነው። ደግሞስ ከሰው ግቢ የገባ ወፍጮ የማን ሆኖ ይቀራል? ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።

ምርጫው በገንቦ ሆነ፦ ለግቢው ባቄላ፣ ለመንገዱ ሽምብራ። ባላምባራስ ዘጠኝ ድርሻ ነበራቸውና ዘጠኝ ባቄላ ይዘው ተነሡ። ማንንም አልገረመው። በእቁብ እጥፍ የሚጥል ሁለት ዕጣ አለው፤ ይኸም እንደዚያው መሰላቸው። ገንቦውንና ደንቡን የያዙት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እንኳ ገንቦውን አቀረቡላቸው።

ንግሥቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም የመጣው ሹም የማኅበሩን ደንብ ሲያነብ፣ ሌላው ሲያንቀላፋ እሷ እንደ ጸሎት ይዛዋለች። ተነሣች።

«ይቅርታዎን ጌታዬ፣ ይኸ እቁብ አይዶለም። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው የተባለው። መሪጌታ ይዩት።»

መሪጌታ ደንቡን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። እውነቷን ነበር።

«እንግዲያ ድርሻዬን አወጣለሁ!» አሉ ባላምባራስ።

«ለምን ያወጣሉ? ትርፉ በድርሻዎ ልክ ይደርስዎታል፤ ማን ይነካብዎታል? ድምፁ ነው እንጂ እኩል፤ የእኔም አንድ፣ የእርስዎም አንድ።»

ባላምባራስ የሚያግዛቸው ፈልገው ዙሪያውን አዩ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ስምንቱን ባቄላ ኪሳቸው ከተው አንዷን ጣሉ።

ገንቦው ሲገለበጥ ሰባት ባቄላ፣ አሥራ ሁለት ሽምብራ ወጣ። ዘጠኙም ገብተው ቢሆን ባቄላው አሥራ አምስት ነበር። ንግሥቴ ከሰው ፊት አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው፣ አላፈረችም።

ሰኔ ላይ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ባላምባራስ እህላቸውን በአህዮች አስጭነው መንገድ ዳር ወደተተከለው ወፍጮ መጡ። ከፊታቸው ንግሥቴ ቁናዋን ይዛ ቆማለች። ከልማድ የተነሣ ቦታዋን ልትለቅላቸው ፈቀቅ አለች።

«ቁሚ እንጂ፣ ተራሽ ነው» አሉ፣ ወፍጮውን እያዩ። «የምቸኩለው ለምንድን ነው? የኔም አይዶል?»