መኪናው ዝም ሲል

«ልጅሽ አኩርፋኛለች» አሉ የልብስ ሰፊዋ አማት፣ ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ እያቆሙ። «ደጋግሜ ጠራኋት፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ምን ብለሽባት ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «እኔ ምን እላታለሁ እማማ? ትናንት ስለተቆጧት ይሆናላ።»

«እኔ አልተቆጣኋትም።»

ሁለቱም እየጮሁ ነበር። እዚያ ቤት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ስለሚያጓራ የሚጮኸው ሁሉም ነው። ትንሿ ሚጣ ስትጠራ ካልመጣች «መኪናው ነው» ይባላል።

መብራት ጠፋ። መኪናው ቀጥ አለ።

«ሚጣ» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትደረድራለች። «ሚጣዬ።» ምንም የለም። ትከሻዋን ስትነካት ግን ዞር ብላ ፈገግ አለች።

ያኮረፈ ልጅ እንዲህ አይስቅም። እናቲቱ ግራ ገባት። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟት፣ ጆሮዋን እየጎተተች ስታለቅስ ነበር። ከዚያ ለቅሶው ተወት አደረጋትና ተሻላት ተባለ። ትራሷ ላይ ቢጫ ነገር ስታይ የመኪና ዘይት ነው ብላ አለፈችው፤ ትራሱ ከስፌት ቁርጥራጭ የተሠራ ነዋ። አሁን አንስታ አሸተተችው። ዘይት አይደለም።

«ሞቅ ያለ ዘይት ጆሮዋ ውስጥ ጠብ እናርግላት» አሉ አማቷ። «ባልሽንም ልጅ ሳለ እንዲያ ነው ያዳንኩት።»

«ለዚህ ነው እንዴ ካልጮሁበት የማይሰማው?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ስጠራው ዝም ሲለኝ እንደ አባቱ ኩሩ ነው እል ነበር።»

ዘይቱ ቀረ። እናቲቱ የልጅቷን ጆሮ ውጪውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች።

ነርሷ ጆሮዋን በመብራት አየችው። «ኢንፌክሽን ነው። የጆሮዋ ታምቡር ትንሽ ተቀዷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። ሕመሙ የቀነሰላት መግሉ ስለፈሰሰ ነው እንጂ ድና አይደለም። ዘይትም፣ ጥጥም፣ ውሃም እንዳይገባባት። መድኃኒቱን ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ። ጡጦም በጀርባዋ ተኝታ አትጥባ።»

«ትሰማለች ግን?»

«አሁን እንዲህ ነው ማለት አልችልም። በቀጠሮሽ እናያለን።»

እናቲቱ በመንገዱ ሁሉ በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ ቀስ እያለች ትጠራታለች። ልጅቷ አንዳንዴ «እ» ትላለች፣ አንዳንዴ ዝም። የትኛውን እንደምታምን አላወቀችም።

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ከኋላዋ ስትጠራት ሚጣ ዞረች። አሮጊቷ ልጃቸውን፣ የሚጣን አባት፣ አስከትለው መጥተው ነበርና፣ ቀጥሎ ጆሮውን ሊታይ እሱ ገባ።