ለሁለት ሰው የተሰፋ

እታለም የደንበኛ መስኮት ልትለካ ስትወጣ፣ ካባዋን ከበሩ ጀርባ አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ልሰርቀው አልነበረም፤ ልቀዳው ነው። ያም ሆኖ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ መጋረጃ ትሰፋለች። ካባውን የሠራችው ከሱቋ በተረፈ ውኃ የማያስገባ ስስ ናይለን ነው። ሲታጠፍ በአንድ እጅ ይጨበጣል። ዝናብ ሲመጣ ይለበሳል፣ ሲያባራ ይነጠፍና ይበላበታል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ቁልፎች ተደርድረዋል። ከሌላ ካባ ጋር ተቆልፎ መሐሉ በምርኩዝ ሲቆም፣ ሁለቱ ካባዎች ሁለት ሰው የሚያስጠልል ድንኳን ይሆናሉ።

ሌላው ካባ የላባ ነው።

ላባ ነርስ ናት። ስሙን ያወጣችላት እታለም ስትሆን፣ ምክንያቱ ሸክም መጥላቷ ነው፤ የጥርስ ብሩሿን እጀታ ሳይቀር ቆርጣ ጥላዋለች። እኔ ሩቅ አገር ስማር ከየት እንደበቀለች እንጃ፣ ስመለስ በቤታችን ውስጥ የትኛው መሳቢያ እንደሚያስቸግር ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። እኔ መሳቢያውን ስጎትት፣ «ወደ ላይ ከፍ አድርጊው፣ እንግዳ መሆንሽ ያስታውቃል» አለችኝ። በገዛ ቤቴ!

ውጭ ሳለሁ እታለም በደወለች ቁጥር «ስትመጪ ተራራውን ተሻግረን ሐይቁ ድረስ በእግራችን እንሄዳለን» ትለኝ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ የመጣሁት ለምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ ብዙ መልስ እሰጣለሁ፤ አንዱንም አላምነውም። ይቺን የእታለምን ቃል ግን አምናት ነበር። ለዚሁ ብዬ ከውጭ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ገዝቼ መጣሁ።

ላባ አየችውና «ይሄ ቦርሳ ነው ቁም ሳጥን?» አለች።

«ተያት፣ ባል ደብቃ ይዛ መጥታ ይሆናል» አለች እታለም።

ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቦርሳውን ግን በእግሬ ወደ ጥግ ገፋሁት። የእነሱን ቦርሳ ላየ ደግሞ ጉድ ነው። ከአሮጌ ወንበር የወጣ ስፖንጅ ጀርባቸውን ይደግፋል፣ ሲተኙ ፍራሽ ይሆናል። የድስቱ ክዳን ሳህን ነው። «ሁለት ሥራ የማይሠራ ዕቃ ከቤት አይወጣም» ትላለች ላባ፣ እንደ ሕግ። እኔስ ስንት ሥራ እሠራለሁ? ብዬ አሰብኩ።

«ለረጅሙ እረፍት ሐይቁ ድረስ እንሄዳለን» አለች እታለም አንድ ቀን። «እንሄዳለን» ስትል ዓይኗ ላባ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ሚጣ፣ አንቺም መምጣት ከፈለግሽ ነይ። ድንኳኑ ግን ለሁለት ነው፤ እንግዲህ አንድ ነገር እናደርጋለን» አለችኝ።

ከፈለግሽ! ለማያውቁት እንኳ እንዲህ አይባልም። ሳይጠሩት አቤት ማለት ሞት ነው፤ መቅረትም አልቻልኩም። ስለዚህ የራሴን ካባ ልሰፋ ወሰንኩ። ከእታለም ካባ ጋር የሚገጥም ግማሽ ካለኝ ድንኳኑ የእኛ ነው፤ ላባ እንደ ፍጥርጥሯ ትሁን።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የእህት ወርቅ ግን የሰው አይደለም አልኩና ካባዋን ስፌት በስፌት ቀዳሁት። እያንዳንዱን ቁልፍ እሷ ባደረገችበት ቦታ አደረግሁ። የስፌቱንም መስመር ውኃ እንዳያስገባ እንደ እሷ በጣቴ ማጣበቂያ ቀባሁት።

የጉዞው ዋዜማ ላይ ሁለቱ ግቢ ውስጥ ዕቃ ሲያስሩ አውጥቼ ዘረጋሁት።

እታለም ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች። «ማነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ውሸታም! አንቺ እኮ የቀሚስሽን ጫፍ በስፒል ነበር የምትይዢው!» ግንባሬን ሳመችኝ። «እጅ አውጥተሻል፣ ሚጣዬ።»

ያቺን ሰዓት ባቆማት ደስ ይለኝ ነበር። እታለም ግን የራሷን ካባ አመጣችና ጠርዝ ለጠርዝ አስጠጋችው። ገለበጠችው፣ አዞረችው። በየትም በኩል ቁልፍ ከቁልፍ ጋር ተፋጠጠ።

«ቀለበቶቹስ?» አለችኝ።

«የምን ቀለበት?»

የላባን ካባ አንድ ቀን በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ ማየትም አልፈልግም ነበር። ብሩሽ ቆራጯ ሄዳ አመጣችው። ጠርዙ ላይ ከቀጭን ገመድ የተሠሩ ትናንሽ ቀለበቶች ነበሩ። የእኔን ቁልፎች አንድ በአንድ አስገባቻቸው። አንዱም አልተጨማደደም።

«ኧረ ልክክ!» አለች።

እታለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔን እኮ ነው የሰፋሽው!»

«ፈትቼ እቀይረዋለሁ።»

«እንዳትነኪው! ናይለን አንዴ ከተወጋ ተወጋ ነው፤ ቁልፉን ከነቀልሽ ወንፊት ይሆናል።»

«ቁልፍና ቁልፉን በገመድ ብናያይዘውስ?»

«መሐሉ ክፍት ሆኖ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይገባል። በቃ፣ እናንተ አንድ ላይ ሁኑ። እኔ ካባዬን ለብሼ የትም እሆናለሁ።»

ላባ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «ማንኮራፋት ክልክል ነው፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሸንተረሩ ላይ እንደወጣን ዝናቡ ወረደ። ላባና እኔ ካባዎቻችንን ቆልፈን በምርኩዟ አቆምነው። እታለም ካባዋን እንደለበሰች ከፊታችን ካለው ቋጥኝ ሥር ተጠግታ ተቀመጠች። ውስጡ ደረቅ ነበር። ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ትክክለኛ፣ የተመኘሁት ድንኳን፤ ከማልፈልጋት ሰው ጋር።

«አሁን ጫማዋን ታወልቃለች» አለች ላባ።

አጮለቅሁ። እታለም ጫማዋን አወለቀች።

«አሁን ደግሞ ማንጎራጎር ትጀምራለች።»

ብዙም አልቆየ፣ ዝናቡን አልፎ የእህቴ ዜማ ተሰማ። ላባ ፈገግ አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ስለ አየር ሁኔታ የምትናገር ነው የሚመስለው። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«ስለ እህቴ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አልኳት።

«እንዴ! ምን አልኩ?»

ቁልፎቹን ከታች ጀምሬ ማውጣት ያዝኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ዝናብ እኮ ነው!»

«ካባው የእኔ ነው።»

ግማሼን ገፍፌ አጠለቅሁትና ወደ ቋጥኙ ሮጥኩ። የላባ ግማሽ በላይዋ ላይ ተደፋ፤ ከሥሩ ስትራገም ይሰማል። እታለም ብድግ ብላ ወደ እኔ ስትመጣ እጄን ዘረጋሁ።

«ምን ነካችሁ? ትረጥባለች እኮ!» ብላ በባዶ እግሯ አልፋኝ ሄደች።

እየሮጠች ካባዋን አወለቀች። ቁልፎቿን በላባ ቀለበቶች ውስጥ ስትከት እጇን እንኳ አላየችም። ድንኳኑ ተመልሶ ቆመ፤ ሁለቱም ውስጥ ናቸው። እኔ ራሴ ወጥቼ ቦታውን ለቅቄላታለሁ።

«ሚጣ! ነይ ግቢ፣ እግራችንን እናጥፋለን!»

«እዚህ ይመቸኛል።»

«አንቺ ልጅ፣ ነይ ተብለሻል!»

«አልረጠብኩም አልኩሽ!»

ከዚያ ላባ የሆነ ነገር ሹክ አለች፣ እታለምም ሳቀች። በእኔ ይሁን በሌላ አላወቅሁም።

ቋጥኙ ሥር ተቀመጥኩ። እጄን በካባው ውስጥ አስገብቼ ስፌቱን ከትከሻ ጀምሮ በጣቴ ዳበስኩ፤ አንገቴን፣ ብብቴን፣ ወገቤን። አንዲት ጠብታ ብትገባ ተነስቼ ወደ ድንኳኑ የምሄድበት ምክንያት ይኖረኝ ነበር። እንደገና ከትከሻዬ ጀመርኩ። የትም አላፈሰሰም።