ብሳናው የቀላ ጊዜ

ስለ ስዕል የማውቀው ነገር የለም፤ ዓረብ አገር፣ ሳትዋ የሚባል ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስቀባ ነው የምውለው። ስለ ብሳና ዛፍ ግን ማንም አያስተምረኝም። ሐይቅ አጠገብ ከነበረው ቤታችን ጓሮ፣ ብሳና ሥር ነው ያደግሁት። ጭርት ራሴ ላይ ሲወጣብኝ አባባ ቅጠሉን ቀንጥሶ ፈሳሹን እየቀባ ያዳነኝ እዚያው ነው።

ዛሬ ቤቱም ዛፉም የሉም፤ መንገድ አልፎባቸዋል። እማዬ ኮምቦልቻ ከታላቅ እህታችን ከፋሪዳ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ስንደውልላት «መስኮት ብከፍት የሰው ግድግዳ ነው። ዛፌን አንዴ ባየው» አለችን። ፎቶ እንኳ የለንም። ማን ዛፍ ፎቶ ያነሳል?

ታናሿ እህቴ ኢልሃም ሥላ ልትልክላት ቆረጠች። እሷም እዚሁ፣ አል ተዓውን የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ እሑድ እሑድ ማዳሟ ስትለቃት አል ማምዛር ፓርክ እንገናኛለን። በዚያ እሑድ የውሃ ቀለምና ሁለት ወፍራም ወረቀት ይዛ መጣች። ያገራችን ልጅ አብዱራዛቅ በማግስቱ ወደ አገር ቤት ስለሚበር ስዕሉ የግድ ያን ቀን ማለቅ ነበረበት።

ከስልኳ ስትማር የከረመችው ቅጠሉ ሊረግፍ የደረሰ የፈረንጅ ዛፍ አሳሳል ነው። ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አረጠበችው። ሳይደርቅ ቢጫ ጠብ አደረገችበት፤ ቢጫው በራሱ ጊዜ ተሰራጨ። በላዩ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቀይ። ቀጥላ ጨው በተነችበት።

«ልትቀቅይው ነው እንዴ?» አልኳት።

«ዝም ብለህ እይ።»

ጨው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ እየሸሸ ቅጠል ቅጠል መሰለ። ግንዱን ውሃ በሌለው ብሩሽ ፈግ ፈግ ስታደርገው ቅርፊቱ ሻካራ ሆኖ ወጣ። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። ግን ዛፉ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ደሜ ፈላ።

«ይሄ ነው የኛ ብሳና? ብሳና ዋላሂ እንዲህ አይቀላም! ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ቅጠል ነው የሚቀላው። እማዬን በፈረንጅ ዛፍ ልታታልያት ነው?»

ኢልሃም ብሩሿን አስቀመጠች።

«ሙጃሂድ፣ አንተ አልነበርክም» አለችኝ። «መንገዱ ሲቆፈር ሥሩን በጣጠሱት። በዚያ ኅዳር ባንድ ጊዜ ቀላ። አባባ ታሞ ተኝቶ በመስኮት እያየ ‹አማረ አይደል?› ይለን ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ እሱም ሄደ። የፈረንጆቹን የተማርኩት ሙሉ ቀይ ዛፍ የሚያስተምር ሌላ ስላጣሁ ነው።»

ያኔ ቪዛዬ ሳይታደስ ቀርቶ፣ ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። የአባባን ቀብር በስልክ ነው የሰማሁት። ስለ ዛፉ የነገረኝ የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ያላየሁት ቀይ ዛፍ ናፈቀኝ። በእህቴም ቀናሁ። ሰው በሞላበት ፓርክ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«ለእማዬ እናሳያት» አለች ኢልሃም። በቪዲዮ ደወልን፤ ፋሪዳ ስልኩን ያዘችላት። እማዬ ቀዩን ዛፍ ብዙ አየችው።

«ራሱ ነው» አለች። «እጅሽ ይባረክ። ግን ይሄን አትላኪልኝ፣ ልጄ።»

«ለምን እማ?»

«ይሄንንማ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር አየዋለሁ። የጠፋኝ የድሮው ነው፣ አረንጓዴው። እሱን ላስብ ስል ቀዩ እየመጣ ይጋርደኛል።»

ኢልሃም አንገቷን ደፋች። «እኔንም» አለች።

የድሮው ብሳና የቀረው እኔ ጋ ብቻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ኢልሃም ቀዩን ስዕል ለእኔ ሰጥታ ሁለተኛውን ወረቀት ዘረጋች። «ያላ፣ ቀያዮቹን ቅጠሎች ነው የማስቀድመው» አለችኝ። «አረንጓዴ ላይ ቀይ ከጨመርኩ ቡኒ ይሆንብኛል። የት የት እንደነበሩ አሳየኝ።»

«ስልኩን አትዝጉት፣ እኔም ልይ» አለች እማዬ።

ወረቀቱ ላይ ገና ግንድም ቅርንጫፍም የለም። የመኪና ቀለም ያልለቀቀውን ጣቴን ነጩ ላይ አሳረፍኩ።

«እዚህ አንድ ነበር» አልኩ።

«አዎ» አለች እማዬ ከስልኩ ውስጥ። «እዚያ ነበር።»